«ሐረር» ብላችሁ ጽፋችሁ ቆሻሻ ሲወጣ፦ አማርኛን ከኮዳችሁ ጋር ማስታረቂያ

ባለፈው ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ዛፍ ስር ሻይ እየጠጣን አንድ የሰፈር ልጅ ላፕቶፑን ከፍቶ «አቦ እስቲ ይቺን እያት» ብሎ አዞረልኝ። የመመረቂያ ፕሮጀክቱ ነው፣ የክሊኒክ ካርድ መመዝገቢያ፣ ስም ስልክ ቀበሌ ምናምን ያለው፣ በፓይተንና በማይኤስኪውኤል የተሰራ። የታካሚው ስም መውጣት ባለበት ቦታ ራሷ ላይ ጭረት ያለባት የፈረንጅ ኤ፣ የዩሮ ምልክት፣ ግማሽ ትምህርተ ጥቅስ፣ ብቻ ሰው የማያነበው ነገር ተደርድሯል። «ምን ነካካህ?» አልኩት። «ሁሉንም» አለኝ። ኢንተርኔት ላይ ያገኘውን መፍትሄ አንድ በአንድ ሞክሮ፣ አንዱ እምቢ ሲለው በላዩ ላይ ሌላ ጨምሮበት፣ መጀመሪያ ከነበረው የባሰ አድርጎታል።

ልጁን አልፈረድኩበትም፣ እኔም በዚሁ መንገድ ነው የመጣሁት፣ የኔን ጉድ ወደ ታች እነግራችኋለሁ። ይሄን የምጽፈው ሌላ ሰው ከመነካካቱ በፊት እንዲያነበው ነው። የትዕዛዞቹንና የሴቲንጎቹን ስም አፋችን ላይ እንደሚመጣው ነው የጻፍኩት፣ ኮድ ላይ ያው በእንግሊዝኛ ታደርጉታላችሁ።

መጀመሪያ አትንኩት፣ እዩት

የተበላሸ ጽሁፍ ሁሉ አንድ አይነት አይደለም፣ መልኩን ካያችሁ የት እንደተበላሸና ፊደሉ በህይወት አለ ወይስ ሞቷል የሚለውን ይነግራችኋል።

ባዶ ሳጥን ብቻ ከወጣ ምንም አልተበላሸም። ፊደሉ በሰላም አለ፣ የሚስለው ፎንት ነው የጠፋው። ዊንዶውስ ከቪስታ ጀምሮ የኛ ፊደል ያለበት ፎንት፣ ድሮ ኒያላ አሁን ኢብሪማ የሚባለውን፣ ይዞ ስለሚመጣ ላፕቶፕ ላይ ብዙም አታዩትም፣ ሰርቨር ላይ ፒዲኤፍ ወይም ምስል ስታወጡ ግን በደንብ ታዩታላችሁ ምክንያቱም የፒዲኤፍ ላይብረሪዎች ይዘዋቸው የሚመጡት መሰረታዊ ፎንቶች ግዕዝ የሚባል አያውቁም። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ ኤስአይኤል አውርዳችሁ ፎንቱን ራሱን ፒዲኤፉ ውስጥ አስገቡት፣ አለቀ። ኮዳችሁን አትንኩ።

ወደ ኋላ ያዘነበለ ጭረት፣ ዩ እና አራት ቁጥርና ፊደል እየተደጋገመ ከወጣ እሱም ጤነኛ ነው። የፓይተን ጄሰን ላይብረሪ ዲፎልቱ እንደዛ ነው የሚጽፈው፣ ተቀባዩ ሲያነበው መልሶ አማርኛ ያደርገዋል። አይኔ አይቶ ካላነበበው አልተኛም ካላችሁ ኢንሹር አስኪ የሚለውን ፎልስ አድርጉት።

ጭረት ያላት ኤ በየሶስት ምልክቱ የምትመለስ ከሆነ ፊደሉ በህይወት አለ ግን በተሳሳተ ኢንኮዲንግ፣ ማለትም ፊደል ፋይል ውስጥ በሚቀመጥበት በሌላ ስልት፣ ነው የተነበበው። ይሄ የሚድን በሽታ ነው። ጥቁር አልማዝ ውስጥ ጥያቄ ምልክት ከሆነ ደግሞ ዩቲኤፍ-8 በሚባለው ኢንኮዲንግ ነው ተብሎ የተነበበው ነገር ዩቲኤፍ-8 አይደለም፣ ወይም ፊደሉ መሀሉ ላይ ተቆርጧል ማለት ነው። ፋይሉ ውስጥ ያለው ሊድን ይችላል፣ ያያችሁትን አልማዝ ግን መልሳችሁ ሴቭ እንዳታደርጉት፣ ያኔ የምር ጠፋ።

የመጨረሻው ተራ ጥያቄ ምልክት ነው፣ በአንድ ፊደል አንድ። ይሄ ሞት ነው። አንድ ቦታ ላይ ፕሮግራሙ «ይሄን ፊደል እኔ የምጽፍበት ሰንጠረዥ ውስጥ የለም» ብሎ በምትኩ ጥያቄ ምልክት ጽፏል፣ ከዛ በኋላ የቱ ሀ የቱ ለ እንደነበረ የሚያውቅ የለም። ከባክአፕ ወይም ከወረቀት ካልሆነ አይመለስም።

ድ ውስጥ ምን አለ

ይሄን ካልተረዳችሁ የቀረው ሽምደዳ ስለሚሆን አንድ ፊደል ብቻ በቅርብ እንይ።

ዩኒኮድ ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ ቁጥር ይሰጣል። የኛ ፊደሎች የገቡት እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ነው፣ ከሀ ጀምሮ፣ ሀ በአስርዮሽ 4608 ነው። እያንዳንዱ ቤት ስምንት ስምንት ቦታ ስለተሰጠው ለ 4616 ነው፣ ሐ 4624። ደስ የሚለው ነገር 4608 ለስምንት ያለ ቀሪ ይካፈላል፣ ስለዚህ የፊደሉን ቁጥር ለስምንት አካፍላችሁ ቀሪውን ስታዩ ግዕዝ ከሆነ 0፣ ካዕብ 1፣ እያለ ሳድስ 5 ይሆናል። ከጥቂት ዲቃላ ፊደሎች በስተቀር ሰንጠረዥ ሳትጽፉ ፊደል መቁጠር ትችላላችሁ ማለት ነው። ድ 4853 ነው፣ ለስምንት አካፍሉትና እዩት።

ቁጥሩ አንድ ነገር ነው፣ ቁጥሩ ፋይል ውስጥ የሚቀመጥበት መንገድ ሌላ ነገር ነው፣ ብዙ ሰው የሚደናገረው እዚህ ጋ ነው። ዩኒኮድ ቁጥሩ ነው፣ ዩቲኤፍ-8 አቀማመጡ ነው። በዩቲኤፍ-8 የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ባይት (ከ0 እስከ 255 ያለ ቁጥር)፣ የአረብኛ ሁለት፣ የኛ ሶስት ይወስዳል። ድ ማለት 225፣ 139፣ 181 ነው። የመጀመሪያው ባይት የተለመዱት ፊደሎቻችን ሁሉ ላይ 225 ነው፣ ሁሉም።

አሁን ይሄን ፋይል ዊንዶውስ በድሮው በምዕራብ አውሮፓ ሰንጠረዥ፣ ዊንዶውስ-1252 በሚባለው፣ ቢያነበው ምን ያያል? እዛ ሰንጠረዥ ላይ አንድ ባይት አንድ ምልክት ነው። 225 ጭረት ያላት ኤ፣ 139 ወደ ግራ የሚጠቁም ነጠላ ጥቅስ፣ 181 የማይክሮ ምልክት። ድሬዳዋ አራት ፊደል ናት፣ አስራ ሁለት ምልክት ሆና ትወጣለች፣ ጭረት ያላት ኤ ደግሞ አራት ጊዜ ትመጣለች። ያቺ ኤ ለምን እንደምትደጋገም ገባችሁ አይደል፣ 225 ናት።

አሁን ጉዱን ስሙ። ያ ሰንጠረዥ አምስት ባዶ ቦታ አለው፣ 129፣ 141፣ 143፣ 144 እና 157፣ እዛ ምንም ምልክት አልተመደበም። የሐ ሶስተኛ ባይት 144 ነው። ስለዚህ ዊንዶውስ ላይ በፓይተን ድሬዳዋ የሚል ፋይል ኢንኮዲንግ ሳትጠቅሱ ብትከፍቱ ዝም ብሎ ቆሻሻ ያነብላችኋል፣ ሐረር የሚል ፋይል ስትከፍቱ ግን ቻርማፕ ኮዴክ ዲኮድ ማድረግ አልቻለም ብሎ ኤረር ይሰጥና ይቆማል። ያንኑ ከተማ በሀሌታው ሀ «ሀረር» ብላችሁ ብትጽፉት ደግሞ ያልፋል፣ ሀ 225፣ 136፣ 128 ነው፣ 128 ዩሮ ናት፣ አለች። እኔ ይሄን እስክረዳ ድረስ አንዱ ፋይል ሲከፈት ሌላው እምቢ ሲል ላፕቶፑ ሙቀት ነው የመታው ስል ነበር፣ ድሬ ደግሞ ይሄን ምክንያት ማንም አይከራከራችሁም። አራት ነጥብም፣ ፈም፣ ፀም መሀላቸው ላይ 141 አለባቸው። አራት ነጥብ የሌለው አማርኛ ጽሁፍ ስለሌለ ረዘም ያለ ፋይል ሁሌም ይጋጫል፣ የስም ዝርዝር ግን አንዳንዴ ያልፋል፣ ያልፍና ቆሻሻውን ዳታቤዝ ውስጥ ያስገባላችኋል። ኤረር የሰጣችሁ ፋይል ነው ወዳጃችሁ።

አምስቱ በር

የሐረር ግንብ ጀጎል አምስት የጥንት በር አለው። በሸዋ በር ገብታችሁ በፈላና በር ስትወጡ ያው ሰው ናችሁ። ጽሁፍም እንደዛ ከኪቦርድ እስከ ስክሪን በየበሩ ያልፋል፣ ልዩነቱ የኛ በር ላይ ዘበኛው ቋንቋችሁን ካልጠየቃችሁ በራሱ ግምት ይተረጉማችኋል። ስራው አንድ ነው፣ በያንዳንዱ በር ዩቲኤፍ-8 ብሎ በግልጽ መናገር፣ ለግምት አለመተው።

መጀመሪያ ፋይሉ ራሱ ነው። ቪኤስ ኮድ ከታች በቀኝ በኩል ኢንኮዲንጉን ይጽፍላችኋል፣ እዩት። ሁለተኛ ፕሮግራሙ ፋይሉን ሲያነብ፣ እሱን ወደ ታች በየቋንቋው እመጣበታለሁ። ሶስተኛና አራተኛ ወደ ዳታቤዙ የሚሄደው ኮኔክሽንና ቴብሉ ራሱ ናቸው፣ ሰው ሁሉ የሚወድቅባቸውም እነሱ ናቸው፣ ትንሽ እንቆይባቸው።

ማይኤስኪውኤል እስከ 5.7 ድረስ ዲፎልቱ ላቲን1 የሚባለው የምዕራብ አውሮፓ ሰንጠረዥ ነበር፣ ከ8.0 ጀምሮ ነው ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 የሆነው። ሰርቨራችሁን ብታሳድጉትም በድሮው የተፈጠረ ቴብል እንደነበረ ይቀራል፣ ራሱን አይቀይርም። ደግሞ ስም አያታልላችሁ፣ እዛ ቤት ዝም ብሎ ዩቲኤፍ8 የሚለው ስም ሲሰራበት የኖረው እስከ ሶስት ባይት ብቻ ለሚይዘው ነው። አማርኛችን ሶስት ባይት ስለሆነ ይገባል፣ ለዛ ነው ሰው ለአመታት ሳያውቀው የሚኖረው፣ ከዛ አንድ ቀን ደንበኛ ስሙ ጎን ኢሞጂ ሲጨምር፣ ኢሞጂ አራት ባይት ነው፣ ይቆማል። እ.ኤ.አ. በ2021 በዩኒኮድ 14 የተጨመሩት የጉራጊኛ ፊደሎችም አራት ባይት ናቸው። ስለዚህ ሁሌም ኤምቢ4 ያለበትን ምረጡ።

ሌላው ተንኮል ሁለት ስህተት ሲስማማ ነው። ቴብሉ ላቲን1 ኮኔክሽኑም ላቲን1 ከሆነ ባይቶቹ ሳይነኩ ይገባሉ ሳይነኩ ይወጣሉ፣ ገጹ ላይ አማርኛው ቆንጆ ሆኖ ይታያል፣ እናንተም ልክ ነው ብላችሁ ታስረክባላችሁ። ከዛ አንዱ ጎበዝ መጥቶ ኮኔክሽኑን ወደ ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 ያስተካክላል፣ ልክ ስራ ነው የሰራው፣ ግን ያን ቀን ሁሉም ስም ቆሻሻ ሆኖ ይወጣል፣ ስድቡን የሚጠጣው ደግሞ እሱ ነው። ፒኤችፒ ላይ ከዳታቤዝ የሚያገናኘውን ፒዲኦን ስትከፍቱ ቻርሴቱን፣ ኢንኮዲንጉን ማለት ነው፣ እዛው ኮኔክሽን ስትሪንጉ ላይ ጻፉት፣ ፓይተን ላይም ኮኔክት ስታደርጉ ቻርሴት የሚል ፓራሜትር አለ።

አምስተኛው ብሮውዘሩ ነው። ሜታ ቻርሴት ዩቲኤፍ-8 የምትለዋን መስመር ሄድ ውስጥ ከሁሉም በላይ አድርጉት፣ በመጀመሪያዎቹ 1024 ባይት ውስጥ መገኘት አለባት። ሰርቨሩ በሄደር ሌላ ነገር ከላከ ግን የሚሰማው የሰርቨሩ ነው፣ ሜታዋን ደጋግማችሁ እያያችሁ «አለች እኮ» አትበሉ፣ ሄደሩን እዩ።

ቋንቋ በቋንቋ

ፓይተን 3 ውስጥ ስትሪንግ ማለት ዩኒኮድ ነው፣ ሌን ስትሉት ድሬዳዋ 4 ይላችኋል። ተለዋዋጭ ስም ራሱ በአማርኛ መሰየም ትችላላችሁ፣ ደሞዝ እኩል ነው ምናምን ብላችሁ፣ ይሰራል። እኔ በየመሀሉ ኪቦርድ መቀያየሩ ስለሚያሰለቸኝ አላደርገውም። ጦሱ ያለው ፋይል ስትከፍቱ ነው፣ ኦፕን የሚለው ፋንክሽን ካልነገራችሁት የማሽኑን ሴቲንግ ነው የሚከተለው፣ ሊኑክስ ላይ ዩቲኤፍ-8 ዊንዶውስ ላይ በብዛት 1252። ሁሌም ኢንኮዲንግ እኩል ነው ዩቲኤፍ-8 በሉ፣ ሁሌም፣ ለሙከራ ፋይልም ቢሆን። ፓይተን 2 ላይ የተጻፈ ነገር ካጋጠማችሁ ሳታስተካክሉ ወደ 3 ውሰዱት፣ ድጋፉ እ.ኤ.አ. ጥር 2020 ላይ አልቋል።

አንዲት ወጥመድ ልንገራችሁ፣ የግዕዝ ቁጥር። ፩ን ኢዝዲጂት ብላችሁ ብትጠይቁት አዎ ይላችኋል፣ ኢንት አድርገው ስትሉት ኤረር ይሰጣል። ምክንያቱም ዩኒኮድ ላይ የኛ ቁጥር እንደ አስርዮሽ አልተመደበም፣ ዜሮም የለውም፣ ፲ ራሱን የቻለ ምልክት ነው። ኢዝዴሲማል የሚለውን ተጠቀሙ፣ እሱ አይዋሽም።

ፒኤችፒ ስትሪንግን የባይት ሰልፍ አድርጎ ነው የሚያየው። ስትርሌን ሐረርን 9 ይላታል። ርዝመት ብቻ ቢሆን ይታለፍ ነበር፣ ጉዳቱ ሰብስተር ስትጠቀሙ ነው፣ የመጀመሪያዎቹን 10 ስጠኝ ስትሉ ሶስት ሙሉ ፊደልና የአራተኛውን ሲሶ ይሰጣችኋል፣ ያቺ ሲሶ አልማዟ ውስጥ ያለች ጥያቄ ምልክት ናት። ከዛ የባሰው፣ ያንን የተቆረጠ ነገር ጄሰን ኢንኮድ ስታደርጉት ፎልስ ይመልስና ገጹ ባዶ ይወጣል፣ ኤረርም አታዩም። አንድ ቀን ሙሉ ኢንተርኔት ተቆረጠ እያልኩ ራውተር ሳጠፋ ሳበራ የዋልኩት በዚህ ነው። ስማቸው በኤምቢ የሚጀምሩትን ፋንክሽኖች ተጠቀሙ፣ የጽሁፍ ማጣሪያው ሬጌክስ ላይም መጨረሻው ላይ ዩ ጨምሩ።

ጃቫ ከ18 ጀምሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 ማለት ነው፣ ዲፎልቱ በየትኛውም ማሽን ዩቲኤፍ-8 ሆኗል። ደንበኛ ቤት ያለው ግን ብዙ ጊዜ ጃቫ 8 ነው፣ እዛ ላይ ጌትባይትስን በባዶ ቅንፍ ከጠራችሁት የማሽኑን ሰንጠረዥ ይወስዳል፣ የማያውቀውን ፊደል ደግሞ በጥያቄ ምልክት ይተካዋል፣ ሞት ያልኩት እሱ ነው። እናንተ ጋ ሊኑክስ ላይ ቆንጆ ሰርቶ ሱቁ ውስጥ ዊንዶውስ ላይ ጥያቄ ምልክት የሚያወጣው በዚህ ነው።

ጃቫስክሪፕት ለተለመዱት ፊደሎቻችን ችግር የለውም፣ ሌንግዝ ልክ ይቆጥራል፣ ኢሞጂና እነዛ አዳዲስ የጉራጊኛ ፊደሎች ላይ ነው አንዱን ሁለት የሚለው። ፎርም ላይ ስም ስታጣሩ ግን ደብልዩ የምትለዋን የሬጌክስ አቋራጭ አትመኑ፣ ለሷ ፊደል ማለት የእንግሊዝኛ ብቻ ነው፣ «ትክክለኛ ስም ያስገቡ» እያለች የሰውን ስም ትመልሳለች። ስክሪፕት እኩል ነው ኢትዮፒክ የሚል ፕሮፐርቲ አለ፣ ዩ ፍላግ ጨምራችሁ እሱን ተጠቀሙ። እዚህ ሀገር ደግሞ ስም በአማርኛ ብቻ አይመጣም፣ በቁቤም በሶማሊኛም በላቲን ይመጣል፣ ቁቤ ውስጥ ሁዳ አለች፣ ያቺ ጭረት፣ አንዱ ሰው ቀጥ ያለችውን ሌላው ከስልኩ የታጠፈችውን ይጽፋታል፣ ሁለት የተለያዩ ካራክተሮች ናቸው። ኤስኪውኤላችሁን ስትሪንግ እየቀጠላችሁ ከሆነ የምትሰሩት ደግሞ ቀጥ ያለችዋ ራሷ ኩዌሪውን ትሰብረዋለች፣ እሱ ሌላ ኃጢአት ነው።

ጎ ላይ ሌን ባይት ነው የሚቆጥረው፣ ፊደል ከፈለጋችሁ ሩን በሚለው ሂዱ። ዩቲኤፍ-8ን እ.ኤ.አ. በ1992 የፈጠሩት ኬን ቶምፕሰንና ሮብ ፓይክ ጎንም ከሰሩት ሰዎች ውስጥ ስላሉ የቤታቸው ነገር ነው፣ ፋይሉም በዩቲኤፍ-8 ብቻ ነው የሚጻፈው። ሲ ላይ ቻር አንድ ባይት ነው፣ የቀረውን ሃላፊነት ራሳችሁ ትወስዳላችሁ። ሲ ሻርፕ ፊደል ሲቆጥር እንደ ጃቫስክሪፕት ነው።

ኤክሴልና ሜሴጅ

ነጋዴ ዳታቤዝ አያይም፣ ኤክሴል ነው የሚያየው። ሲኤስቪ አውጥታችሁ ስትሰጡት ደብል ክሊክ ያደርጋል፣ ኤክሴል ደግሞ ፋይሉ መጀመሪያ ላይ ምልክት ካላየ በማሽኑ ሰንጠረዥ ይከፍተዋል። አንድ ጊዜ እዚሁ ድሬ ታይዋን ገበያ ጨርቅ የሚያከፋፍሉ አንድ ትልቅ ሰው ጋ የእዳ ዝርዝር አውጥቼ ሰጥቼ ከአስር ደቂቃ በኋላ ደወሉልኝ፣ «አንተ ልጅ፣ ይሄ አማርኛም አይደለ አረብኛም አይደለ፣ ማንን ነው ብር የምጠይቀው?» አሉኝ። መፍትሄው አጭር ነው፣ ከፓይተን ስታወጡ ኢንኮዲንጉን ዩቲኤፍ-8-ሲግ በሉት፣ ሶስት ባይት ምልክት መጀመሪያው ላይ ይጨምርና ኤክሴል ይገባዋል። ከኤክሴል ወደናንተ ሲመጣ ደግሞ ሴቭ አዝ ውስጥ ሲኤስቪ ዩቲኤፍ-8 የሚለውን እንዲመርጡ አድርጉ፣ ተራውን ሲኤስቪ ከመረጡ አማርኛው በጥያቄ ምልክት ይተካል። የላይኛውን አስታውሱ፣ ሞት።

የእዳ ማስታወሻ በሜሴጅ ይላክልኝ ካሏችሁ ሌላ ሂሳብ አለ። የእንግሊዝኛ ሜሴጅ 160 ካራክተር ይይዛል፣ አማርኛ ሲሆን 70 ብቻ፣ 71ኛዋ ስትመጣ ሁለት ሜሴጅ ይሆንና እያንዳንዱ 67 ይይዛል። ሙሉው በእንግሊዝኛ ሆኖ መጨረሻው ላይ አንድ አራት ነጥብ ብትገባ ሁሉም ወደ 70 ይወርዳል። «ውድ ደንበኛችን እንደምን ሰነበቱ» ብላችሁ ስትጀምሩ የሰውየውን ብር እየቆጠራችሁ ጀምሩ።

የቆሰለውን ማዳን

ጭረት ያላት ኤ ካያችሁ መጀመሪያ ባክአፕ። ይሄን ችላ ብዬ ነው እኔ የተቃጠልኩት፣ አንድ ሱቅ 1,200 ገደማ የደንበኛ ስም ነበረው፣ ላቲን1 ኮለም ውስጥ በዩቲኤፍ8 ኮኔክሽን አስገባሁት፣ የድሮው ሰርቨር ስትሪክት ሞዱ፣ የማይስማማ ዳታ ሲገባ ኤረር የሚሰጠው ሴቲንግ፣ ጠፍቶ ስለነበር ኤረር ሳይሰጠኝ ሁሉንም ጥያቄ ምልክት አድርጎ ተቀበለኝ፣ ዋናውን ፋይል ደግሞ ቦታ ይያዛል ብዬ አጥፍቼዋለሁ። ሶስት ከሰዓት ከደብተር እያየሁ በእጄ መለስኩት፣ ያኔ ጫት ያልነካሁባቸው ከሰዓቶች እነሱ ብቻ ናቸው።

ባክአፑን ከያዛችሁ በኋላ በአንድ ስም ላይ ብቻ ሞክሩ። አንድ ፊደል ስንት ምልክት ሆኗል? ሶስት ከሆነ አንድ ጊዜ ነው የተበላሸው። ድ ሰባት ምልክት ሆና በጭረት ኤ ፈንታ ማዕበል ያለባት ትልቋ ኤ እና የተገለበጠ ቃለ አጋኖ ከመጣ ሁለት ጊዜ ተደራርቧል፣ ቆሻሻው ራሱ እንደገና በዩቲኤፍ-8 ተጽፎ እንደገና በ1252 ተነቧል። ስንት ጊዜ እንደተበላሸ ያን ያህል ጊዜ ነው ወደ ኋላ የምትመልሱት።

ኮለሙ አሁንም ላቲን1 ከሆነና ውስጡ ያለው ባይት ጤነኛ ዩቲኤፍ-8 ከሆነ፣ ያ ሁለት ስህተት የተስማማበት ማለቴ ነው፣ ቀጥታ ወደ ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 ኮንቨርት እንዳትሉት፣ ቆሻሻውን ቋሚ ያደርግላችኋል። መጀመሪያ ኮለሙን ወደ ባይነሪ ወይም ብሎብ ቀይሩት፣ ያኔ ዳታቤዙ ባይቱን ሳይተረጉም ይተወዋል፣ ከዛ ከባይነሪ ወደ ዩቲኤፍ8ኤምቢ4። በሁለት እርምጃ፣ በአንድ አይደለም።

ቆሻሻው ቋሚ ከሆነ በፓይተን ነው፣ ስትሪንጉን በ1252 ኢንኮድ አድርጋችሁ የወጣውን ባይት በዩቲኤፍ-8 ዲኮድ ማድረግ። ድሬዳዋ ወዲያው ትድናለች። ሐረር ግን አትድንም፣ ያ 144 የሚባለው ባዶ ቦታ እዚህም ጠብቋችኋል፣ ማይኤስኪውኤል ባዶ ቦታዎቹን በማይታይ ምልክት ሞልቶ ስለሚያስቀምጣቸው የፓይተኑ 1252 አያውቃቸውም። በላቲን1 ልሞክር ብትሉ ደግሞ ሐረር ውስጥ ያለችው የጣሪያ ምልክት እዛ የለችም። ስለዚህ ካራክተር በካራክተር መጀመሪያ በ1252 ሞክሮ ካልሆነ በላቲን1 የሚያደርግ አጭር ፋንክሽን ጻፉ፣ ወይም ኤፍቲኤፍዋይ የሚባለውን ላይብረሪ ጫኑ፣ እሱ ይሄንን ባዶ ቦታ የሚታገስ ስሎፒ ዊንዶውስ-1252 የሚል ኮዴክ አለው።

ከዩኒኮድ በፊት በነበሩት የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ የድሮ ዶክመንት ካጋጠማችሁ ይሄ ሁሉ አይሰራም። እሱ ውስጡ አማርኛ የለም፣ የላቲን ፊደል የግዕዝ ልብስ ለብሶ ነው፣ ፎንቱን ስትቀይሩ ልብሱ ይወልቃል። ለዛኛው ፎንት የተሰራ መቀየሪያ ሰንጠረዥ ነው የሚያስፈልገው፣ ሁለት ገጽ ከሆነ እንደገና መተየብ ይሻላል።

ፍለጋ ላይ የሚቀር ነገር

ኢንኮዲንጉ ሁሉ ተስተካክሎ «ሐረር» ብለው ፈልገው አላገኘሁም ካሏችሁ ኢንኮዲንግ አይደለም። ሐረር፣ ሀረር፣ ሃረር፣ ሓረር ለኛ ጆሮ አንድ ነው፣ ለኮምፒውተሩ አራት ከተማ ነው። ፀሐይና ጸሀይ፣ ዓለምና አለምም እንደዛው። ሰውየው የጻፈውን ስም እንዳለ አስቀምጡ፣ የሰው ስም አይታረምም፣ ጎኑ ላይ ለፍለጋ ብቻ ሌላ ኮለም አውጡና እዛ ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሃንም ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ኣንም ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ፣ ሌሎቹንም የነዚህን ቤት ፊደሎች እንደዛው እያደረጋችሁ ሙሉት። የሚፈለገውን ቃልም በዛው ወንፊት አሳልፉት። አንድ ደስ የሚል ነገር፣ ፈረንሳዮች ጭረት ያለው ፊደል በሁለት አይነት መንገድ ስለሚጻፍ የሚሰቃዩት ስቃይ እኛ ጋ የለም፣ ፊደሎቻችን አንድ መንገድ ብቻ ነው ያላቸው።

አዲስ ሲስተም ስሰራ መጀመሪያ የማስገባው ደንበኛ እውነተኛ ሰው አይደለም። ስሙ ላይ ሐ፣ ሁ፣ ፈ፣ ቋ፣ አራት ነጥብ፣ ፩፣ አንድ የአረብኛ ቃል፣ ሁዳ ያለባት የቁቤ ቃልና አንድ ኢሞጂ አሉበት። እሱን አስገብቼ፣ አውጥቼ፣ ኤክሴል ላይ ከፍቼ፣ ፒዲኤፍ አትሜ፣ በደንበኛው በራሱ ማሽን ላይ ደግሜ አየዋለሁ። ሁ ራሷ መጨረሻዋ 129 ነው፣ ከባዶ ቦታዎቹ አንዱ፣ ለዛ ነው ያለችበት።

የልጁን ነገር፣ የሱ ድ ሰባት ምልክት ነበረች። ሁለት ጊዜ መለስነው። መጀመሪያ ዙር ላይ ሰባቱ ሶስት ሆነ፣ ሁለተኛው ዙር ላይ የመጀመሪያው ታካሚ ስም ስክሪኑ ላይ ቁልጭ ብሎ ወጣ፣ ልጁ አነበበውና «አቦ፣ ይሄ እኮ እኔ ለሙከራ የጻፍኩት የራሴ ስም ነው» አለ፣ ስሙን ደግሞ ስፔሊንጉን ተሳስቶታል።